ነብሯ ትበላዋለች ወይስ ታቅፈዋለች?



ባለፈው ወር ለጥቂት ቀናት ፓሪስ፣ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ቅዳሜ ዕለት እህቴ ሥራ ስለነበረባት ልጇን ለእኔ ትታልኝ ወጣች። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ፓሪስ ነው። ውጭ ያካፋል። ቤት ውስጥ እኔ በአንዱ ጥግ ከላፕቶፔ ጋር፣ እሷ በሌላው ጥግ ከስልኳ ጋር ተቀምጠናል። በመጨረሻ ሰለቸኝና፣ "ተነሺ፣ ሙዚየም እንሂድ" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። መልሷ ይኸው ነበር። በአማርኛም አልመለሰችም፣ በፈረንሳይኛም አልመለሰችም።

ይህን የትከሻ ነገር ላስረዳችሁ። ይህች ልጅ እስከ አምና ድረስ አማርኛ ትናገር ነበር። እየተሰባበረም ቢሆን ትናገር ነበር። ከዚያ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ሳህኗ ላይ ምግብ ሲጨምሩላት፣ "ይበቃኛል" ለማለት ፈልጋ "ይበቃሻል!" አለቻቸው። ልዩነቱን አያችሁት? የመጀመሪያው "እኔ ጠግቤያለሁ" ማለት ነው። ሁለተኛው ግን "አንቺ፣ በልተሻል፣ ተዪ" እንደ ማለት ይሆናል፤ ያውም "እርስዎ" መባል ላለባቸው ሴት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በክፋት የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሴትየዋም ራሳቸው አቅፈው ሳሟት። ነገር ግን ታሪኩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ዋለ፤ በሳምንቱም በስልክ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል "ደህና ነኝ" ትልና ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች።

በዚያ ድግስ ላይ እኔም ነበርኩ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

የሄድንበት ቦታ ቼርኑስኪ ሙዚየም ይባላል። ሞንሶ ከሚባለው ፓርክ ጎን የሚገኝ አንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነው። ቪልዬ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ቋሚ ስብስቡን ለማየት ክፍያ የለም፤ ሰኞ ግን ዝግ ነው። እኔ ትልልቆቹን የፓሪስ ሙዚየሞች ብዙም አልወዳቸውም። ሦስት ሰዓት ትቆማላችሁ፣ እግራችሁ ይዝላል፣ ማታ ላይ ምን እንዳያችሁ አታስታውሱም። ይሄኛው ግን ትንሽ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።

ቤቱን ያሠራው ሄንሪ ቼርኑስኪ እ.ኤ.አ. በ1821 ሚላኖ፣ ጣልያን ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱ አብዮተኛ ነበር፤ አብዮቱ ሲሸነፍ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። በዚያ ባንከኛ ሆነና ሀብታም ሆነ። ስለ ገንዘብም ይጽፍ ነበር፤ ገንዘብ ከወርቅና ከብር፣ ከሁለቱም ብረቶች መሠራት አለበት ብሎ የሚከራከር ሰው ነበር። ከ1871 እስከ 1873 ቴዎዶር ዱሬ ከሚባል የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጋር እስያን ዞረ፤ ጃፓንን፣ ቻይናን፣ ሕንድንም አየ። ይህ የወርቅና የብር ተከራካሪ ሲመለስ ግን በብዛት ይዞት የመጣው ነሐስ ነበር። በ1896 ሲሞት ቤቱንም ዕቃውንም ለፓሪስ ከተማ አወረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

በሩ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ውል ተዋዋልን። የእኔ ፈረንሳይኛ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም። ስለዚህ መግለጫ ጽሑፎቹን እሷ ታነብና ምን እንደሚሉ በአማርኛ ትነግረኛለች። የማታውቀው ቃል ሲመጣ አብረን እንፈልጋለን። "እኔም የማላውቀው ብዙ ነው" አልኳት። አላመነችኝም። ውሉን ግን ተቀበለች፤ ያለ እሷ አንድም ነገር እንደማይገባኝ ስላየች ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቃል ነሐስ ነበር። ነሐስ በተፈጥሮ እንደ ወርቅ ከመሬት የሚወጣ ነገር አይደለም፤ ድብልቅ ነው። የጥንት ቻይናዎች መዳብን ከቆርቆሮና ከእርሳስ ጋር አቅልጠው ይሠሩት ነበር። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ቆመች። "እርሳስ? የሚጻፍበት?" አለች። አዎ፣ በአማርኛ የሚጻፍበትም እርሳስ ነው፣ ከባዱ ብረትም እርሳስ ነው። ቆርቆሮም እንዲሁ የቤት ክዳን ነው፣ የቲማቲም ጣሳ ነው፣ የብረቱም ስም ነው። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቆርቆሮ ሲገባበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከመዳብ የበለጠ ይጠነክራል። "ታዲያ ለምን አረንጓዴ ሆነ?" አለች። አረንጓዴው የዘመን ልብስ ነው። አዲስ ሲሆኑ እነዚህ ዕቃዎች እንደ ወርቅ ያብረቀርቁ ነበር። ሦስት ሺህ ዓመት ከአፈርና ከእርጥበት ጋር ሲኖሩ ግን አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኑ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ በመጀመሪያ የገባኝ ዲንግ የሚባለው ነው። ዲንግ ሥጋ የሚቀቀልበት ድስት ነው። ሦስት እግር አለው። እናንተ ጉልቻ አይታችሁ ታውቁ ይሆን? ጉልቻ በገጠር ቤት ውስጥ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው፤ እሳቱ ከመካከላቸው ይነድዳል። ዲንግን ሳየው "ይሄ ጉልቻውን ይዞ የሚዞር ድስት ነው!" አልኩ። ልጅቷ ጉልቻ አታውቅም። ስልኬ ላይ ፎቶ አሳየኋት። ወደ ዲንጉ ተመለከተችና፣ "ሦስት እግር ያለው አይወዛወዝም" አለች በአማርኛ። የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበረች። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ አለፍኩ።

ይህ ድስት ግን ለቤት ምሳ አልነበረም። በሻንግና በዦው ነገሥታት ዘመን፣ የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት አካባቢ፣ እነዚህ ዕቃዎች ለሞቱ አባቶችና አያቶች መሥዋዕት የሚቀርብባቸው ነበሩ። በዲንግ ሥጋ ይቀርባል። ጁዌ በሚባለው፣ ሹል አፍና ሦስት ቀጫጭን እግር ባለው ዕቃ ደግሞ ከእህል የተጠመቀ መጠጥ ይቀርባል። (ጠላም ይጠመቃል፣ ሕፃንም ይጠመቃል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የምታውቁት ከገባበት ነገር ነው።) ንጉሥ ትልቅ ዲንግ አለው ማለት ሥልጣን አለው ማለት ነበር። እስካሁን ከተገኙት የጥንት ነሐስ ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ ቤጂንግ የሚገኝ ባለ አራት እግር ዲንግ ሲሆን 832 ኪሎ ይመዝናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ606 ዓመት ቹ የሚባለው አገር ገዥ ወደ ዦው ንጉሥ መልእክተኛ ዞር ብሎ የንጉሡ ዲንጎች ስንት እንደሚመዝኑ ጠየቀ ይባላል። ድስት ስንት ይመዝናል ብሎ መጠየቅ "ዙፋንህን ልወስድ ነው" ማለት ነበር። በቻይንኛ ዛሬም አባባል ሆኖ ይነገራል።

አሁን እኔን ወደ ያዘኝ ነገር ልምጣ፤ የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ "እንዴት ተሠራ?" ሳልል ማለፍ አልችልም። ከአማርኛችን ጋርም የሚያገናኘው ነገር አለ።

በእኛ አገር አንጥረኛ የብረት መስቀል ሲሠራ በሰም ይጀምራል። መስቀሉን መጀመሪያ ከሰም ይቀርጸዋል፤ በሸክላ ይሸፍነዋል፤ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በነበረበት ባዶ ቦታ የቀለጠውን ብረት ያፈስበታል። "ሰምና ወርቅ" የምንለው የቅኔ ስም የመጣው ከዚህ ሙያ ነው። ከላይ የሚሰማው ትርጉም ሰም ነው፤ ውስጥ ያለው ወርቅ ነው። ሰሙ ሲወገድ ወርቁ ይቀራል።

የሻንግ ዘመን ባለሙያዎች ግን የሚሠሩት ያለ ሰም ነበር። ዕቃውን መጀመሪያ በሸክላ አፈር ይሠሩታል። ሲደርቅ ከላዩ ሌላ እርጥብ ሸክላ ይለጥፉበታል። ያንን ልባስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በየክፍሉ ቆርጠው ያነሡታል። ከዚያ ውስጥ የቀረውን የሸክላ ዕቃ ዙሪያውን በስሱ ይፍቁታል። ልባሱን መልሰው ሲገጥሙት በሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ይቀራል። የቀለጠው ነሐስ የሚፈሰው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ የተፋቀው ያህል የዕቃው ውፍረት ይሆናል። ክፍሎቹ የተጋጠሙበት መስመር አንዳንዴ ዕቃው ላይ ይታያል፤ ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት። እኔ ሥራ ላይ ስሳሳት በማግስቱ አስተካክዬ እልካለሁ። እነዚያ ሰዎች ግን ከተሳሳቱ ነሐሱን እንደገና ማቅለጥ፣ ሸክላውንም ከመጀመሪያው መሥራት ነበረባቸው። ይህን ለእህቴ ልጅ በደስታ ሳስረዳ አንድ አሥር ደቂቃ የፈጀሁ ይመስለኛል። "ጨረስክ?" አለችኝ።

ብዙዎቹ የዦው ዘመን ዕቃዎች ውስጣቸው ላይ ጽሑፍ አላቸው። ማን እንዳሠራው፣ ለየትኛው አባት መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው በአንድ ዓይነት ምኞት ነው፤ የልጅ ልጆች ለዘላለም ይጠብቁት፣ ይጠቀሙበት የሚል። ይህን ስነግራት ልጅቷ የመስታወቱን ሣጥን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ "ግን ማንም አይጠቀምበትም" አለች። እውነቷን ነው። ሥጋ የለም፣ መጠጥ የለም፣ እሳት የለም። በንጽሕና ተቀምጧል።

የሙዚየሙ ንግሥት በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻዋን ናት። ቁመቷ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዮች "ሴቷ ታይገር" የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተዋታል። እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን ትንሽ ያስቸግራል። ነብር በአገራችን ባለ ነጠብጣብ ነው፤ ታይገር ባለ መስመር ነው፤ በእኛ ዱር የሚኖር ታይገር ስለሌለ የራሱ ስም አላወጣንለትም። ሰው ሁለቱንም ነብር ይላቸዋል። እኛም "ነብሯ" አልናት።

ነብሯ በሁለት የኋላ እግሮቿና በጅራቷ ላይ ተቀምጣለች፤ ይኸው ሦስት ጉልቻ እንደገና መጣ። አፏን በሰፊው ከፍታለች። ደረቷ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ተለጥፏል፤ ጭንቅላቱ ልክ ከተከፈተው አፍ ሥር ነው። መላ ሰውነቷ በሌሎች እንስሳት ሥዕል ተሸፍኗል። ክዳኗ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ እንስሳ ቆማለች። ውስጧ መጠጥ የሚቀመጥበት ዕቃ ናት። የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። በጣም የምትመስላት መንትያ አለቻት፤ እሷ የምትኖረው ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ከተማ በሚገኝ ሌላ ትንሽ ሙዚየም ነው።

ሊቃውንት የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው። ነብሯ ሰውየውን ልትበላው ነው ወይስ አቅፋ እየጠበቀችው ነው?

ልጅቷ መግለጫውን አነበበችና፣ "አያውቁም ይላል" አለች፤ ደስ ያላት ትመስላለች። እኔ "ትበላዋለች" አልኩ። ያንን አፍ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? እሷ ዝም ብላ ሣጥኑን ዞረች። ሁለት ጊዜ ዞረች።

አንድ የቆየ የቻይና ታሪክ አለ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። አንዲት ወጣት ሳታገባ ወንድ ልጅ ወለደች። የወጣቷ እናት ሕፃኑን ረግረግ ውስጥ አስጣለችው። የወጣቷ አባት ለአደን ሲወጣ አንዲት ነብር ሕፃኑን ስታጠባ አየ። ፈርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሚስቱም የሆነውን ነገረችው፤ ሕፃኑን አስመጡት። ልጁ አድጎ የቹ ጠቅላይ ሹም ሆነ። ታሪኩን የጻፈው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይልና ለአንባቢው ቃል ይተረጉማል። የቹ ሰዎች ማጥባትን "ጎው" ይሉታል፣ ነብርን ደግሞ "ዉቱ" ይሉታል፣ ስለዚህ የልጁ ስም ጎውዉቱ ሆነ ይላል። የቹ ቋንቋ ከሌላው ቻይና የተለየ ስለነበር አንባቢው እንዳይቸገር ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ጸሐፊ ልክ እኔ እዚህ ዓምድ ላይ የማደርገውን ሲያደርግ ሳገኘው ደስ አለኝ። ዕቃዋ ግን ከዚህ ሹም በብዙ መቶ ዓመታት ትበልጣለችና የእሱ ምስል ልትሆን አትችልም። ያም ሆኖ በዚያ አገር ሰው የምታድን ነብር ወሬ ነበረ ማለት ነው።

ከነሐሶቹ አልፈን ወደ ቡድሃዎቹ ደረስን። የቡድሃ እምነት ከሕንድ ወደ ቻይና የገባው በመጀመሪያው መቶ ዘመን አካባቢ ነው፤ ማለትም ከነብሯ ከሺህ ዓመት በኋላ። ከዩንጋንግ ዋሻዎች የመጣ የድንጋይ ምስል አለ። ዩንጋንግ በሰሜን ቻይና ዳቶንግ ከተማ አጠገብ ያለ ገደል ነው፤ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን ገደሉን እየፈለፈሉ 252 ዋሻዎችና 51 ሺህ ያህል ምስሎች ቀርጸውበታል። እኛ ላሊበላ ያለን ሰዎች ድንጋይ መፈልፈል ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ነጋዴዎች ከዚያ ብዙ ምስሎችንና ጭንቅላቶችን ቆርጠው ሸጠዋል።

አንድ ነገር ብታውቁ የትኛውም ሙዚየም ውስጥ ይጠቅማችኋል። ተራ ልብስ የለበሰ፣ ጌጥ የሌለው፣ ጆሮው ረጅም የሆነው ቡድሃ ነው። ጆሮው የረዘመው ልዑል በነበረበት ጊዜ ከባድ የወርቅ ጉትቻ ያደርግ ስለነበር ነው ይባላል፤ ጉትቻውን ትቶ ሄደ፣ ጆሮው ግን እንደተለጠጠ ቀረ። ዘውድና የአንገት ጌጥ ያለው ደግሞ ቦዲሳትቫ ነው። ቦዲሳትቫ ማለት ሌሎችን ለመርዳት ሲል የራሱን የመጨረሻ ዕረፍት ያዘገየ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገባን። መካከሉ ላይ ቁመቱ 4 ሜትር ከ40 የሆነ የነሐስ ቡድሃ ተቀምጧል። ይህኛው ከቻይና አይደለም፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ጃፓን ውስጥ የተሠራ ነው። ቼርኑስኪ የገዛው ቶኪዮ ውስጥ ሜጉሮ ከሚባል ሰፈር ነው። ቤቱን ሲያሠራም ይህ አዳራሽ ለእሱ እንዲሆን አድርጎ ነው ያሠራው።

"ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?" አለች የእህቴ ልጅ።

ሳላስብ "ጣዖት" አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። "ጣዖት መጥፎ ነገር አይደለም እንዴ?" አለች። ቃሉን የምታውቀው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዐሥርቱ ትእዛዛት ነው። ከዚያም ስለ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ነገረችኝ። የጓደኛዋ ቤተሰብ ከቬትናም ነው የመጣው። አያትየው በየጠዋቱ በትንሽ ቡድሃ ፊት ፍራፍሬ ያስቀምጣሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። የእህቴ ልጅ እዚያ ቤት አድራ ታውቃለች። "እሳቸውን 'ጣዖት አላቸው' ልበላቸው?" አለችኝ። አስተዋላችሁ? "እሳቸው" አለች። "እሷ" አላለችም።

የምመልሰው አልነበረኝም። ጣዖት ዕቃውን ብቻ የሚሰይም ቃል አይደለም፤ ፍርድ አብሮ አለበት። ሰው የራሱን አምልኮ ጣዖት ብሎ አይጠራም፣ የሌላውን እንጂ። እኛ በቤታችን ያለውን "ሥዕል" ወይም "ቅዱስ ሥዕል" ነው የምንለው። ስለዚህ ሌላ ቃል ፍለጋ ጀመርን። "ሐውልት" አልኩ፤ ሐውልት ለአክሱምና ለመቃብር ይሆናል፣ ለዚህ ግን ትንሽ ይቀዘቅዛል። "ቅርጻ ቅርጽ" አልኩ፤ እሱ ለሥነ ጥበብ መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ የሚጸልዩበትን ሰዎች ግን አያስታውስም። በመጨረሻ እሷ "የቡድሃ ምስል" አለች። ጥሩ ነው። ማንንም አይሰድብም፣ ማንንም አያስገድድም።

"ተሳሳትክ እኮ፣ አጎቴ" አለች።

"አዎ፣ ተሳሳትኩ" አልኳት።

ሳቀችብኝ። የሙዚየሙ ጠባቂ ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ ሳቀች።

ከመውጣታችን በፊት ቡድሃው ተሰርቆ እንደመጣ ጠየቀችኝ። ተሰርቆ አይደለም፣ ተገዝቶ ነው። መቅደሱ በእሳት ጠፍቶ ነበር። ከ1868 ጀምሮ ደግሞ አዲሱ የጃፓን መንግሥት የሺንቶን እምነት ከቡድሃ እምነት ለይቶ ስለነበር ብዙ የቡድሃ መቅደሶች ችግር ላይ ነበሩ። የቸገረው ሰው ሲሸጥ ገዥው ምን ያህል ንጹሕ ነው? ለ13 ዓመት ልጅ ይህን ጥያቄ መልሼ አልጨረስኩትም። ግን እዚያው ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ በሚባለው ሙዚየም፣ ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በ1932 የተነሡ ሥዕሎች እንዳሉ ነገርኳት፤ ለቤተ ክርስቲያኑ በምትካቸው ቅጂ ተሳለለት። "በሚቀጥለው ስትመጣ እሱን እንይ" አለች። ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ።

ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ፓርኩ ውስጥ ተቀመጥን። እዚያው እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እኔ ሰላምታ ሰጥቼ ስልኩን ልይዘው ስል፣ ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

"እምዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። ከዚያም ስለ ነብሯ መናገር ጀመረች። አፏ ክፍት እንደሆነ፣ ሰውየው ደረቷ ላይ እንዳለ ነገረቻት። የረግረጉንም ሕፃን ታሪክ ጨመረችበት። እዚያ ጋ ስትደርስ፣ "ከዚያ ነብሯ ልጁን ጠባችው" አለች።

ጠባ ማለት ወተቱን የሚወስደው ሕፃኑ ነው። እናትየዋ ታጠባለች። "ጠባችው" ካልን ነብሯ ከሕፃኑ ጠጣች ማለት ነው። እናቴ ፍርስ ብላ ሳቀች። እኔ ደነገጥኩ፤ ያ የክርስትና ድግስ ትዝ አለኝ። ስልኩን ልቀበላት እጄን ሰነዘርኩ።

ልጅቷ ግን አልሰጠችኝም። "ቆይ! ቆይ! አጠባችው! አ-ጠባችው!" አለች እሷም እየሳቀች። "አሁን ንገሪኝ፤ ትበላዋለች ወይስ ታቅፈዋለች?"

እናቴ ትንሽ አሰበች። "የሰውየው እጆች የት ናቸው?" አለች።

ልጅቷ ያነሣችውን ፎቶ ከፍታ አጉልታ አየች። "እሷን ይዟል። እንደዚህ" አለችና ስልኩ ፊት የራሷን ትከሻዎች ያዘች።

"እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ? ሊበሉት የመጡትን ማን ያቅፋል? ይገፋ ነበር እንጂ። በይ ፎቶውን ላኪልኝ፣ የኔ እናት።"

ላከች። ማታ እራት ላይ ሳለን የእናቴ የድምፅ መልእክት መጣ። ስለ ነብሯ አንድም ቃል የለውም። ክዳኗ ላይ ስላለችው ትንሽ እንስሳ ነው። እኔ ሙዚየሙ ውስጥ "አጋዘን ናት" ብዬ አልፌ ነበር። እናቴ ግን፣ "አጋዘን ብሎ የነገረሽ ማነው? አጋዘን እንዲህ አያንስም። ይቺ ሚዳቋ ናት" ትላለች።

የእህቴ ልጅ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሚዳቋ ምንድን ነው?"